ቀዮና ዳልቻ ወፍጮ ቤት ሲፈተኑ

መኪና የሚወድ ሰው ዕድሜ ልኩን የሚጠየቀው አንድ ጥያቄ አለ፤ «ከእነዚህ ከሁለቱ የቱ ይበልጣል?» ሌላው ሰው አስፋልት ላይ አስሩጦ ይመልስ ይሆናል። እኔ ግን ሁለት የአውሮፓ የስፖርት መኪና ያወዳደርኩት ገብስ አስፈጭቼ ነው። ይህን ስናገር የሚስቁብኝ አሉ። ይሳቁ፣ ምን አባታቸው። ሁለቱንም በገዛ እጁ ፈትቶ የገጠመ፣ የሁለቱንም ጠባይ የሚያውቅ ከእኔ ሌላ ሰው ካለ ይምጣና ይከራከረኝ።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ ከላሊበላ ወረድ ብሎ በገነተ ማርያም በኩል ባለችው መንደራችን ነው። ከአብዮቱ በፊት በነበረው የመጨረሻ ገና፣ አንድ አውሮፓ የተማረ የባላባት ልጅ ከጓደኛው ጋር በሁለት የስፖርት መኪና ከወልድያ ተነስቶ በዓሉን ላሊበላ ሊያከብር ይመጣል። እኛ መንደር ድረስ እንዴት እንደዘለቁ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ከእኛ ወዲያ ያለውን አቀበት ግን መኪኖቹ አልቻሉትም፤ ሆዳቸው ከመሬት ከፍ ቢል አንድ ስንዝር ነው። ልጆቹ መኪኖቹን አንድ ገበሬ ገለባ ቤት አስገብተው፣ በቅሎ ተከራይተው ወጡ። በዓሉን አክብረው በዚያው በአውሮፕላን ተመለሱና «መንገዱ ሲጠገን እንወስዳቸዋለን» ብለው ላኩ። መንገዱ ሳይጠገን መንግሥት ተገለበጠ። የባላባቱ ልጅ ውጭ አገር ቀረ፤ መኪኖቹ «የሰፊው ሕዝብ ንብረት» ተብለው ገለባ ቤቱ በር ላይ ማኅተም ተመታበት።

እኔ ደሴ ጋራዥ ውስጥ ስድስት ዓመት ሠርቼ፣ ጋራዡ ሲዘጋ አገሬ የገባሁ መካኒክ ነበርኩ። መካኒክ ልበል እንጂ በዚያ አገር የምጠግነው ፋኖስና የሬዲዮ አንቴና ነው። የምኖረው ከታላቅ እህቴ ቤት ነበር። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር አንድ ቀን አስጠርተውኝ «ጓድ መካኒክ፣ እነዚያን ነገሮች እያቸው እስቲ፤ ይሠሩ እንደሆን» ሲሉኝ መፍቻዬን ላመጣ ሮጥኩ። ማኅተሙ ተቀደደ፣ በሩ ተከፈተ። ሁለቱንም ደሴ ሳለሁ ከፈረንጅ መጽሔት ላይ እንጂ በዓይኔ አይቻቸው አላውቅም። በመላው አገሪቱ የእነሱ ቢጤ ስንት ቢኖር ነው? እነሱ እዚህ ገለባ ተከምሮባቸው፣ ዶሮ እንቁላል ጥሎባቸው ተኝተዋል።

ገበሬው ቀድሞ ስም አውጥቶላቸዋል። ጣሊያን የሠራት ቀይ ስለሆነች ቀዮ። እንግሊዝ የሠራው ግራጫ ስለሆነ፣ በቅሎ እንደሚጠራበት፣ ዳልቻ። እኔም ከዚያ ወዲያ ሌላ ስም ጠርቼላቸው አላውቅም።

ሦስት ወር ሙሉ ስፈታና ስገጥም ከረምኩ። ቀዮ ትንሽ፣ ቀላል፣ ሞተሯ በአሉሚኒየም የተሠራ፣ አራት ሲሊንደር ብቻ። ግን ምን ዓይነት አራት! ካርቡሬተሮቿን አጥቤ፣ ለደጋው አየር ቤንዚኑን ቀንሼላት መጀመሪያ ስትነሳ ያወጣችው ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ነዳጁን ረገጥ ባደረግሁላት ቁጥር ታዜማለች። ደግሞ ከእሷ ጋር ቋንቋ እንግባባለን፤ ካንዴላው፣ ኮፋኖው፣ ፍሪሲዮኑ፣ የጋራዥ ቃላችን ሁሉ የመጣው ከአገሯ አይደል? የትኛዋን ብሎን የት እንደማገኛት ሳልፈልግ እጄ ይሄዳል።

ዳልቻ ሌላ ፍጥረት ነው። አፍንጫው ረጅም፣ ስድስት ሲሊንደሩ በአንድ ረድፍ የተሰለፈ፣ ሞተሩ የብረት፣ መሪው በቀኝ በኩል። ጎማው ባለ ሽቦ፣ በመሐሉ ባለች አንዲት ትልቅ ብሎን ብቻ የታሰረ፤ እሷም የምትፈታው በመዶሻ ተመትታ ነው። ለመነሳት ይለግማል፣ ኤሌክትሪኩ ያናድዳል፣ ዘይት ያንጠባጥባል። ስንት ቀን ቆሽቴን አሳርሮኛል። ከተነሳ በኋላ ግን አይቸኩልም፣ አይጮህም፣ ተራራ ጎትት ቢሉትም እምቢ የሚል አይመስልም። ይህን ራሴ ለእህቴ እራት ላይ ነግሬያታለሁ። አከበርኩት። የወደድኩት ግን ቀዮን ነው፤ መደበቅ ምን ያደርጋል?

ሁለቱም ተነስተው ደጃፍ ላይ በቆሙ በሳምንቱ ከክፍለ ሀገሩ ደብዳቤ መጣ። ከሁለቱ መኪኖች አንዱ ለክፍለ ሀገሩ እንዲላክ፣ ሌላው እዚያው ለሕዝብ አገልግሎት እንዲውል፣ ለአገልግሎቱም በበርሜል ቤንዚን እንደሚሰጥ ይላል። ሊቀ መንበሩ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አንብበው ብዕራቸውን ካኪ ኪሳቸው ላይ ሰኩና «የሚቀረው ወፍጮ ይፈጫል፤ ቅዳሜ ይፈተኑና ያሸነፈው ይቅር» አሉ።

ይህን ያሉት ያለ ነገር አልነበረም። የመንደራችን የሞተር ወፍጮ፣ ሞተሩ ተሰንጥቆ ከቆመ ዓመት አልፎታል። ሴቶቹ ወይ እህል ተሸክመው ላሊበላ ድረስ ይወጣሉ፣ ወይ ቤታቸው በድንጋይ ይፈጫሉ። እህቴ በድንጋይ ከሚፈጩት ነበረች። አምስት ልጅ፣ ባሏ፣ እኔ፣ እሷ ራሷ፤ ስምንት አፍ። መጁን ስትገፋ ስትገፋ ቀኝ ትከሻዋ ተሳስሮ ነጠላዋን እንኳ የምታጣፋው በግራ እጇ ነው። «ይኸን ወፍጮ ነገር ብትሠራልኝ ሌላ ውለታ አልፈልግብህም» ብላኝ ነበር፣ እየሳቀች። ስትስቅ የባሰ አንጀቴን ትበላኛለች።

ሥራው ራሱ አስቸጋሪ አይደለም። መኪናውን ወፍጮ ቤቱ ደጅ ታቆማለህ፤ አንዱን የኋላ እግር በክሪክ ታነሳና ላስቲኩን አውልቀህ ባዶው ቸርኬ ላይ የወፍጮውን ቺንጊያ፣ የጎማ ቀበቶውን፣ ታጠልቃለህ። ሌላው የኋላ እግር መሬት ላይ በድንጋይ ታፍኖ ይቀራል። ሞተሩ ሲነሳ የተነሳው እግር ብቻ ይሽከረከራል፣ ቺንጊያው ወፍጮውን ያዞራል። ይኼው ነው።

አስቸጋሪው የእኔ ሆድ ነው። ቀዮ ካሸነፈች ከእኔ ጋር ትቀራለች፤ ግን ታስራ ልትፈጭ ነው። ከተሸነፈች ትሄዳለች፣ ከዚያ ወዲያ ዓይኗን አላይም። ሁለቱንም ጠላሁት። የፈተናው ቀን ጧት፣ ሰው ሳይሰበሰብ፣ ቀዮ ታስራም ቢሆን ትቅርልኝ ብዬ፣ የዳልቻን ኮፋኖ ከፍቼ ለሞተሩ እሳት የሚሰጡትን የሁለት ካንዴላ ሽቦዎች ቦታ አቀያየርኩ። እያፏጨሁ ነበር፤ ይህን ሳስታውስ ነው የሚያሳፍረኝ።

ቅዳሜ ነበር፤ ወደ ገበያ የሚያልፈው ሁሉ ቆሞ ያያል። ከሁለቱም ፊት እኩል ገብስ በቁና ተሰፍሮ ተቀመጠ። መጀመሪያ ዳልቻ። ገና ሲነሳ ተንዘፈዘፈ፣ ሳለ፣ በጭስ መውጫው፣ በማርሚታው በኩል ሁለቴ ጓ ጓ ሲያደርግ ለጥበቃ የቆመው አብዮት ጠባቂ ተኩስ መስሎት ጠመንጃውን አቀባብሎ መሬት ላይ ተኛ። ሕዝቡ በሳቅ ወደቀ። ወፍጮው ሁለት ሦስት ጊዜ ተንገራግጮ ቆመ። «ይኼስ ትልቅነቱ ለወሬ ነው» አሉ ሊቀ መንበሩ።

ከዚያ ቀዮ። አቤት ያን ቀን ያሰማችው ዜማ! ቺንጊያው ተወጠረ፣ ወፍጮው በረረ፣ ዱቄቱ እንደ ጎርፍ ወረደ። ሴቶቹ እልል አሉ፤ አንዱ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ጥለው ትከሻቸውን ነቀነቁ። በሩብ ሰዓት ሦስት ቁና ፈጭታ ቁጭ። ሊቀ መንበሩ እጃቸውን አንስተው «በቃ፤ ቀዮ ትቅር፣ ዳልቻ ይሂድ» ብለው በዚያው ቀን ለክፍለ ሀገሩ ጻፉ። ራዲያተሯ ሊፈላ አፋፍ ላይ መድረሱን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። ጎበዝ መካኒክ ተብዬ ትከሻዬን እየተመታሁ፣ ማንም ሳያይ ኮፋኖዋን ዘጋሁ።

ሰኞ ሥራ ተጀመረ። ማክሰኞ ጣጣው ፈላ። ቀዮ የምትቀዘቅዘው ስትሮጥ በሚያገኛት ነፋስ ነው፤ ቆማ ስትሠራ ግማሽ ሰዓት አትሞላም፣ ውሃዋ ይንፈቀፈቃል። አጥፍተን አንድ ሰዓት እንጠብቃለን። ዝግ አድርጌ ላስፈጭ ስል ትታነቃለች፣ ታፍናለች፣ ትጠፋለች፤ ስለቃት ወፍጮው ይከንፍና ዱቄቱ አሮ ይወጣል። ሴቶቹ ለራዲያተሯ ውሃ ከምንጭ በእንስራ ያመላልሱ ጀመር። አስቡት፤ እህል ሊያስፈጩ የመጡ ሴቶች ለመኪና ውሃ ቀጂ ሆነው አረፉት። እህቴም ሦስት ቀን ተሰልፋ፣ ሦስት ቀን ገብሷን እንዳለ ተሸክማ ተመለሰች።

በአራተኛው ቀን የነቃሁት በድንጋዩ ድምፅ ነው። ጎህ ቀዷል። እህቴ ወፍጮዋ ላይ ጎንበስ ብላ መጁን በግራ እጇ ትገፋለች፣ ቀኟን ደግፋ። ካጠገቧ ቆምኩ።

«ያቺ ቀይ ልጅ ሩጫ ነው የለመደችው» አለችኝ ቀና ሳትል። «ለምን ታስራታለህ?»

«ምን ላድርግ፣ እታለም? አሸንፋ ነው የቀረችው።»

«አንተ አልነበርክ ወይ ዳልቻ ተራራ ይጎትታል ያልከኝ? ታዲያ ቅዳሜ ዕለት ምን ነካው?»

ቀና ብላ አየችኝ። እህቴ ከሕፃንነቴ ጀምራ ስዋሽ ታውቅብኛለች። ከዚያ ጎንበስ ብላ መግፋቷን ቀጠለች። እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሽቦዎቹን በዝምታ ቦታቸው መልሼ «ተጠገነ» ብል ማን ያውቅብኛል? ደብዳቤው ግን ሄዷል፤ ዳልቻን የሚወስድ ሰውዬ መንገድ ላይ ነው። ወደ ሊቀ መንበሩ ቤት ሄድኩ። በዚያ ዘመን «አሻጥር» የምትል ቃል ነበረች። ያቺ ቃል ከተለጠፈችበት ሰው አውራጃ ወርዶ ያልተመለሰ አለ።

«አያ ሊቀ መንበር፣ ዳልቻ ምንም አልሆነም። እኔ ነኝ ያበላሸሁት» አልኳቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሽቦውን፣ ቀዮን መውደዴን፣ የእህቴን ትከሻ።

 ብዕራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው መልሰው ሰኩ። «ይህ ወረቀት ላይ ቢሰፍር ስሙ ምን እንደሚባል ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።»

«እንግዲያው ወረቀት ላይ አይሰፍርም። የበደልከው ሴቶቹን ነው፤ እነሱ ይፍረዱብህ።»

በዚያው ጧት ወፍጮ ቤቱ ደጅ ሴቶቹ ተሰበሰቡ። እኔ መሐል ላይ ቆሜ ጥፋቴን በአፌ ተናገርኩ። ትንሽ ተንሾካሾኩ፣ ከዚያ ሳቅ አፈነዱ፤ ይኼኔ ነው የፈራሁት። ፍርዱን የተናገረችው ጎረቤታችን ነበረች፤ «አንድ ቁና ገብስ በድንጋይ ይፍጭ። እኛ እያየነው። ዱቄቱም እኛ እንደምንፈጨው ይድቀቅ።»

በአገራችን ወንድ ልጅ ድንጋይ ወፍጮ ላይ ጎንበስ ማለቱ ጉድ ነው። ሊቀ መንበሩ ራሳቸው ሊያዩ መጥተው በርጩማ ላይ ተቀመጡ። የእህቴ ወፍጮ ላይ ሆኜ መግፋት ጀመርኩ። በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ቀልድ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ወገቤ፣ ከዚያ ትከሻዬ፣ ከዚያ ደግሞ ስሙን የማላውቀው ጅማት ሁሉ ተራ በተራ ራሱን አስተዋወቀኝ። ደሴ ሳለሁ የጭነት መኪና ሞተር ተሸክሜ አውርጃለሁ፤ እንዲህ ሆኜ አላውቅም። «ጓድ መካኒክ፣ ራዲያተርህ ፈላ መሰለኝ» ትላለች አንዷ። «ውሃ ጨምሩለት» ትላለች ሌላዋ፤ እውነትም እንስራ ይዛ መጥታ ራሴ ላይ አፈሰሰችብኝ። «ቤንዚን ነው ያነሰው» ሲሉ ደግሞ ጠላ አቀበሉኝ። ግማሹ ቁና ሳያልቅ ፀሐይ አናት ላይ ወጣች። የፈጨሁትን እያዩ «ገና ነው፣ ድገመው» እያሉ መለሱብኝ። ሳቁ ሳቁና ማታ ሊሆን ሲል እህቴ «በሉ ይብቃው፤ እራቱን ማን ያጎርሰዋል?» ብላ ነጠቀችኝ። እውነትም እጄን ማንሳት አቅቶኝ እሷ ናት ያጎረሰችኝ። እሷ ይህን በየሁለት ቀኑ ነበር የምታደርገው፣ ዓመት ሙሉ።

በማግስቱ ሽቦዎቹን ቦታቸው መልሼ ዳልቻን ወፍጮ ላይ አሰርኩት። እንደ ልማዱ ለመነሳት ለገመ፤ ከተነሳ በኋላ ግን አንዴ እንኳ አላጉረመረመም። ዝግ ብሎ፣ ውሃውም ሳይፈላ፣ ዱቄቱ ቀዝቀዝ ብሎ ይወርድ ጀመር። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተሰልፎ ከነበረው ማንም እህሉን ይዞ አልተመለሰም። ስለዚህ ጥያቄው ሲነሳ የምመልሰው ይኼው ነው፤ ለሩጫ ቀዮ፣ ለኑሮ ዳልቻ። ልቤን የጠየቀኝ ደግሞ ሌላ መልስ ያገኛል።

ከክፍለ ሀገሩ የመጣው ሾፌር የጭነት መኪናውን ይዞ ከወንዙ ማዶ ቆሟል። ደብዳቤው ላይ የተጻፈውን ሊቀ መንበሩ «የጽሕፈት ስሕተት ነው» ብለው አስረዱት፤ ቀይ የስፖርት መኪና ሲባል ዓይኑ በራና ሌላ አልጠየቀም። ከመንደሩ እስከ ወንዙ ያለውን ሜዳ ቀዮን የነዳኋት እኔ ነኝ። ነዳጁን እስከ ታች ረገጥኩላት። አራተኛ ማርሽ አስገባሁ፤ በዚያ አገር አራተኛ ማርሽ ያስገባ ሰው ከእኔ በፊትም በኋላም ያለ አይመስለኝም። ብቻዬን ጋቢና ውስጥ ሆኜ እንደ ዕብድ እስቃለሁ። እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ ሜዳው ቶሎ አለቀ እንጂ።

የወንዙን መሻገሪያ ያለፈው ክረምት በልቶት ድንጋይ በድንጋይ ሆኗል። ሆዷ ስንዝር ከፍ ያለች መኪና አትሻገረውም። ሊቀ መንበሩ ትንሽ አሰቡና የቃሬዛ ማኅበሩን አስጠሩ። በእኛ አገር በሽተኛ ሐኪም ቤት የሚሄደው በቃሬዛ፣ በሰው ትከሻ ነው፤ ቃሬዛ መንገድ ላይ ያገኘ ሰው ሁሉ፣ ገበያም ይሂድ ለቅሶ፣ ሸክሙን አስቀምጦ ተራውን ይሸከማል። ጎማዎቿን ፈታን፤ ከሥሯ የባሕር ዛፍ አጣና አስገብተን በጠፍር አሰርን። እግዜር ይማርሽ እያሉ ሠላሳ ወንዶች አነሷት። ከብልባላ የመጣ አህያ ነጂ አህዮቹን ትቶ ገባበት፤ አንድ ቄስም መስቀላቸውን ወገባቸው ላይ ሻጥ አድርገው ገቡ። ማንን እንደሚሸከሙ የጠየቀ የለም።

እኔ ከፊት አጣና ሥር ነበርኩ። ወንዙ መሐል ስንደርስ ድንጋዩ አሟለጨን፤ አጣናው ወደ እኛ በኩል አዘነበለ፣ ሸክሙ ሁሉ እኔ ላይ መጣ። አንድ ሰው አጠገቤ ገብቶ ተሸከመ፣ ክብደቱም ቀለለኝ። ዞር ስል እህቴ ናት። ሴት ቃሬዛ አትሸከምም። ቀሚሷን ታጥቃ፣ ውሃው ጉልበቷ ድረስ ደርሷል፤ አጣናውን ያስገባችው በቀኝ ትከሻዋ ነው።

«ተይ፣ እታለም፣ ትከሻሽ!» አልኳት።

«ምን ሆነ?» አለች፣ ወንዙን እያየች። «ትናንት አልፈጨሁ፣ ዛሬ አልፈጨሁ። ይልቅ አንተ እግርህን አንሳ።»